የሐመልማል ስለት

ወይዘሮ ሐመልማል እህል አልቀምስም ካሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። «ካሉ» ማለት እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ በሐምሌ መግቢያ የመታቸው ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ይዞ ስለሄደ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ማንኪያ ሲቀርብላቸው ጥርሳቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ በቃ። መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ የወጣው ሐኪም መርምሯቸው፣ ጉሮሯቸው ይውጣል፣ ሆዳቸውም ደህና ነው፣ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው ብሎ ፈረደ። ሲወርድ ደግሞ ልጃቸውን ክብረትን ደረጃው ላይ ለብቻው ይዞ፣ በዚህ ከቀጠሉ ሳምንቱን አይጨርሱም አለው።

ክብረት ለእናቱ አንድ ነው። አባቱን ከበበን አያውቃቸውም፤ እሱ ዳዴ ሳይል ለመንገድ ሥራ ቆላ ወርደው በወባ እንደሞቱ ተነግሮት አድጓል። ስለዚህ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ዓለሙ እኚህ እናት ነበሩ። ሚስቱ ትሕትና «እኔ የወሰድኩት ከእናትህ የተረፈውን ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ ሰሞኑን ግን እሷም መቀለዱን ትታለች።

አርብ ከሰዓት ክብረትና የልጅነት ጓደኛው ጉደታ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ ሐመልማል ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። መጀመሪያ ጉደታን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ከወር ዝምታ በኋላ፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቃል አወጡ።

«ስለቱን… ወደ ዋሻው… መልሱልኝ።»

ከዚያ ጥርሳቸው እንደገና ገጠመ። ክብረት ግን በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው፤ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የመጣለትን ትርጉም እንቅ አድርጎ ይይዛል። በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ ያውቃል። ያኔ እናቱ በየካ ተራራ ላይ ላለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ተስለው፣ ሳያስገቡ ዕድሜ አዘናግቷቸው ይሆናል። ስለቱ ከገባ እናቱ ይበላሉ፤ ካልገባ ይሞታሉ። ለክብረት ነገሩ ይኸው ነበር።

ጉደታ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመና ለረጅም ጊዜ ወደ ተራራው ሲያይ ቆይቶ «ነገ ጠዋት በእኔ መኪና እንሄዳለን» ብቻ አለ።

ጉደታ እንኳን ራሱ ዝም ሊል፣ ዝም ያለን ሰው የሚያናግር ሰው ነበር። የታሪክ መምህር ነው፤ የሚነዳት መኪና ከባለቤቷ በዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ ቮልስ ናት። እሱና ክብረት የካ ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተው ነው ያደጉት። ላለፉት አራት ዓመታት፣ የጉደታ እናት ካረፉ ወዲህ ማለት ነው፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ «የቅርስ ዘመቻ» እያሉ በዚያች ቮልስ የአገራቸውን ጥንታዊ ነገር ለማየት ይወጣሉ። ሐሳቡ የጉደታ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዘመቻው ከቅርሱ ውርደቱ ይበዛ ነበር። አንድ ጊዜ የነገሥታት ግንብ ነው ተብለው ሦስት ሰዓት ነድተው የደረሱበት ፍርስራሽ በቅርቡ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ሆኖ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት የገዳም በር ላይ ተቀብለዋቸው፣ የእያንዳንዱን ድንጋይ ታሪክ እየተነተኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካስጎበኟቸው በኋላ፣ «ለመሆኑ እናንተ ከየት ናችሁ? እኔም ዛሬ ጠዋት ነው ከደብረ ብርሃን የመጣሁት» አሏቸው። ጉደታ ይህን ታሪክ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እየነገረ ሰው ያስቅ ነበር።

በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ያልሄዱበት አንድ ቦታ ቢኖር ካደጉበት ሰፈር በላይ ያለው ዋሻ ነው። ክብረት ባነሳ ቁጥር ጉደታ «እሱ የትም አይሄድም» ብሎ ያልፈዋል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ክብረትም ነገሩ ከዚህ ያለፈ አልመሰለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ክብረት የገዛው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ቀይ ከፋይ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል ነበርና ቮልሷ ውስጥ አልገባ አለ። ብዙ ታግለው ራሱን ወደ ኋላ ወንበር፣ እጀታውን በቀኝ መስኮት አውጥተው ተጓዙ። መገናኛ ላይ መጨናነቁ ሲያቆማቸው አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱን አስግጎ «ወንድሞች፣ ጳጳሱን የት ጥላችኋቸው ነው?» አላቸውና አካባቢው በሳቅ አውካካ። በሌላ ቀን ቢሆን ጉደታ ለዚህ መልስ አያጣም። ያን ቀን መስታወቱን ዘጋ።

ክብረት ዝምታው ከበደውና «አስጎብኚ፣ ጀምር እንጂ» አለው።

ጉደታም የግዱን፣ በዚያ በለመደው የአስጎብኚ ድምፅ፣ «በስተግራችሁ የምታዩት ጥንታዊው የመንገድ ቁፋሮ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ መቼ እንደሚያልቅም የተጻፈ ነገር አልተገኘም» አለ። ክብረት ሳቀ። ተናጋሪው ግን አልሳቀም።

የካ ሲደርሱ ጉደታ ከድሮው ግቢያቸው ፊት ለፊት ማርሽ ቀንሶ አቆመ። የቆርቆሮው አጥር ዝጎ ተጣሟል። ከአጥሩ ወዲያ እናቱ እትዬ ጫልቱ እንጨት እየሸጡ አሳድገውታል፤ አባቱ ነገሳ ገና እሱ ሳይወለድ ዛፍ ሲቆርጡ ዛፍ ወድቆባቸው ሞቱ ይባል ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ወይዘሮ ሐመልማል ነበሩ። ምሳውን በቆርቆሮው ቀዳዳ ያቀብሉታል፤ ለክብረት ዩኒፎርም ሲያሰፉ ለእሱም ያሰፋሉ፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ሁለት ልጆች አሉኝ» ይላሉ።

«እናትህ እዚህ ግቢ መቼ እንደገቡ ታውቃለህ?» ሲል ጉደታ ጠየቀ።

ክብረት እንደማያውቅ፣ የተወለደበት ቤት ይመስለው እንደነበር ነገረው።

«እኛ ነበርን ቀድመን የገባነው» አለ ጉደታ። «እናንተ ናችሁ መጥታችሁ የተጠጋችሁን።»

ማርሹን አስገብቶ ነዳ። ክብረት ይህ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው ብሎ ሊጠይቅ አስቦ ተወው። ሰው አንዳንዴ መልሱን ሳያውቅ እንኳ የማይጠየቅ ጥያቄ ያውቃል።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ባሕር ዛፉ ከሁለቱም ወገን ተጠጋ፤ ጉሙም እስከ መንገዱ ወረደ። ሰሞኑን ጫካው ውስጥ መንገደኛ እየተወጋ ይዘረፋል ይባል ስለነበር ሁለት የደን ጥበቃዎች በገመድ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። አንደኛው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ስለት ነገር ይዛችኋል?» አለ።

«አዎ» አለ ክብረት፣ የሚያውቅለት ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «የእናቴ ነው። ወደ ዋሻው እየወሰድነው ነው።»

ጥበቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ዱላውን አጠበቀ። «ምን ያክላል?»

«ትልቅ ነው፤ መኪና ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸግሮናል። አርባ ዓመት ሳይገባ ቆይቶ ዛሬ እናስገባው ብለን ነው።»

ሁለቱንም ጭቃው ላይ አውርደው፣ እጃቸውን በመኪናው ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ ከአንገት እስከ ካልሲ ፈተሿቸው። ከኋላ ወንበር የወጣው ቀዩ ጥላ ሲገለጥ ጥበቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለጓደኛው ሁለት ጊዜ ደግሞ ነገረው፤ ጥላውንም ተሳልሞ መለሰላቸው። ክብረትም ከልቡ ሳቀ። ለየለቅሶ ቤቱ አዲስ ታሪክ አገኘህ ሊለው ወደ ጓደኛው ሲዞር ጉደታ እጁን ከጣሪያው ላይ ገና አላወረደም። ፊቱ አመድ መስሏል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለክብረት አልጣመውም። ጥቂት እንደሄዱ፣ እንጨታቸውን ከተማ ሸጠው ባዶ ገመዳቸውን በትከሻቸው አንግበው ወደ ተራራው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት አግኝተው አሳፈሩ። አሮጊቷ ከጥላው ዘርፍ ሥር ተኮራምተው ተቀምጠው ምርቃቱን አዘነቡት። ምርቃቱ ጋብ ሲል እንደ አገሩ ወግ ክብረትን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት።

«የከበበ ልጅ ነኝ እማማ። እናቴ ሐመልማል ትባላለች። ድሮ እዚሁ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

ክብረት ሲዞር አሮጊቷ ገመዳቸውን እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር። «አውርዱኝ» አሉ። ዝናብ ነው፣ ቤትም አይታይም ቢባሉ አልሰሙም። ወርደው በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ጉደታን ትክ ብለው አዩትና «አንተስ?» አሉት።

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ ጉደታ።

አሮጊቷ አማተቡ፤ ጉሙም ዋጣቸው። ክብረት አባቴ ምን አድርገዋቸው ነው ብሎ ተቆጣ። ጉደታ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «እሳቸውን ምንም» አለው። ከፍ ብለው መንገድ የጠየቋቸው ሁለት ገበሬዎችም የማን ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ዋሻውን በአገጫቸው ጠቁመው ፊታቸውን አዞሩ።

መኪናው የማያልፍበት ሲደርሱ ጥላውን ተሸክመው በእግር ወጡ። ዋሻው ከአንድ ትልቅ ጥድ ጀርባ ከአለቱ ተፈልፍሎ የቆመ ነው፤ የበሩ መቃን በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል። ከዘመቻዎቻቸው ሁሉ ይህ አንዱ የውነት ቅርስ ነበር፤ ግን ማንም አላደነቀውም። በሩ ላይ አባ ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው አዛውንት መነኩሴ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጉደታ ራቅ ብሎ ዝናቡ ላይ ቀረ። ክብረት መስቀል ተሳልሞ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ።

አባ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ «ሐመልማል በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቁ። አለች፣ ግን ታማለች አላቸው።

«ስለቱን ይዘህ መጣህ?»

«አዎ አባ» ብሎ ጥላውን እጃቸው ላይ አኖረው። አባ ከፋዩን ዳሰሱ፤ ዘርፉን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«እናትህ የተሳለችውን አልጠየቅኩህም። አባትህ የሳለውን ነው።»

ክብረት መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ እንዳልገባው ሊሆን ፈለገ። እናቱ ያሉት «መልሱልኝ» ነበር። ስለት ይገባል፣ ይሰጣል፤ ስለት ይመለሳል የሚል ሰው ሰምቶ አያውቅም። የሚመለሰው ሌላው ነው፤ የሚቆርጠው። ጥበቃው የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። አለቱን ተደግፎ ተቀመጠ።

አባ ሳይቸኩሉ ነገሩት። አባቱ ከበበ ከባሕር ዛፍ ወሰን ተነስቶ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ተጣላ። ሰው ገላገላቸውና ተለያዩ። ከበበ ግን ሌሊቱን ካራውን ሲስል አደረና ማለዳ ከዋሻው በታች ባለው መታጠፊያ ጠብቆ ወጋው። ከዚያ ካራውን ለሚስቱ ትቶ ቆላ ወረደ፤ በወባ ሞተ። እናቱ የነገሩት ውሸት አልነበረም፤ የእውነቱ ጭራ ብቻ ነበር።

«ሟቹ ነገሳ ይባላል» አሉ አባ። «ሚስቱ ጫልቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።»

ሐመልማል ልጇን አዝላ አባ ዘንድ የመጣችው ከሟቹ አርባ በኋላ ነው። እሳቸውም የአገሩን ሥርዓት ነገሯት። ደም የሚደርቀው የገዳይ ወገን ስለቱን ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በገዛ አፉ ሲናገር ነው፤ ስለቱም ተሰብሮ እዚህ ጥድ ሥር ይቀበራል። እስከዚያ ሁለቱ ቤቶች እህል ውሃ አይቀማመሱም፤ ሳይደርቅ የበላ ሰው ደሙን ወደ ቤቱ ያስገባል። ሐመልማል ባሌ ወንድም የለውም፣ ልጄ ሲያድግ ከነስለቱ ይዤው እመጣለሁ አለች። መበለቲቷ የት እንደገባች ጠየቀች፤ የካ ወርዳለች አሏት። በሳምንቱ የጫልቱን አጥር ተጠግታ ቤት ተከራየች።

«ልጅሽን ለልጇ ወንድም አድርጊ አላልኳትም» አሉ አባ። «የራሷ ሐሳብ ነው። ያን ካደረገች በኋላ ግን ስለቱን ማምጣት ፈራች መሰለኝ። ሁለቱን ልጆች እንዳታጣ።»

ክብረት ቀስ ብሎ ዞረ። ጉደታ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ ቆሟል።

«ታውቅ ነበር?»

«እናቴ ስትሞት ነገረችኝ።»

አራት ዓመት። ክብረት አራቱን ዓመት ወደ ኋላ ቆጠረ። በእነዚያ ዓመታት ጉደታ ቤታቸው ገብቶ አንድ ጉርሻ አልበላም፤ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ጾም፣ አንዴ በልቼ ነው የመጣሁት። እትዬ ጫልቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእነሱ ቤት ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም ነበር፤ ሰፈሩ ኩሩ ናቸው ይላቸው ነበር። ምሳውን በቀዳዳ የተቀበለው ሕፃን ብቻ ነው፤ ሕፃን ምን ያውቃል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለ ክብረት።

«የሞተበት አይለምንም። ደም ያለበት ነው የሚመጣው» አለ ጉደታ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን እስክታስታውሱ ጠበቅኳችሁ። አራት ዓመት በዚያች መኪና የሰው ታሪክ ለማየት ስዞር፣ መንገድ ላይ የእኛን ታሪክ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር።»

ክብረት አላውቅም ነበር አለ። እውነቱን ነበር፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ውሸት ውሸት ሸተተው።

አባ ጆሯቸውን ቀስረው «ይህ ማነው?» አሉ።

«የነገሳ ልጅ ነኝ አባ።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ከአጎዛቸው ብድግ ብለው መስቀላቸውን ዘርግተው በሁለቱ መሃል ቆሙ። ክብረትን ከሁሉ ያስፈራው ይህ ነበር፤ ከጉደታ ሊጠብቀው የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ያለ ስለቱ ንግግር የለም፣ ሂዱና አምጡት አሏቸው። በአንድ መኪናም እንዳትሄዱ ብለው አስጠነቀቁ። ሌላ መኪና አልነበረም።

ሲወርዱ ጉሙ ከመብራቱ ፊት እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ መንገዱ በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ የቮልሷ ፍሬን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ አይዝም። ጉደታ እንደ ወትሮው «ተሳፋሪዎች፣ ጸሎት ያላችሁ ጀምሩ» አላለም። አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጎማው የገደሉን ጫፍ እስኪነካ ተጠግቶ ሞተሩን አጠፋ።

«እዚህ ነው» አለ።

ክብረት የሚታይ ነገር አላየም፤ እርጥብ ሣር፣ የተቆረጠ ጉቶ፣ ጉም። እጁ ሳያዘው የበሩን መክፈቻ ያዘ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚያውቀውን ሰው ፈራው፣ ስለፈራውም አፈረ። ስለቱ የት እንዳለ እንደማያውቅ ተንተባተበ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ጉደታ። «ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ የእናትህን ሳጥን አራት ፎቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ላይ ክዳኑ ተከፈተ። አቡጀዲ ተጠቅልሎ ነበር፤ እጀታው ቀንድ ነው።»

«እና ምን አደረግክ?»

«ጠቅልዬ መለስኩት። አንድ ፎቅ ቀርቶኝ ነበር፣ ወጣሁት።»

ክብረት ያን ቀን አስታወሰው። ለዕቃ ተሸካሚዎቹ ዶሮ ተሠርቶ ነበር፤ ጉደታ ሳይቀምስ በመሄዱ ወር ሙሉ ተቀይሞታል። አሁን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረው፣ ጠየቀውም፤ እጅህ ላይ ሳኖረው ምን ታደርጋለህ አለው።

ጉደታ ጉቶውን አየ። «አላውቅም» አለ። «እጄ ሲይዘው ነው የማውቀው።»

ሞተሩን አስነሳ። ክብረት እስከ መሪ ድረስ አንድ ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ ሄደ። ካራውን ደብቆ የለም ማለት ይችላል። ወንዝ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። እንዲያ ካደረገ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ይሞታሉ። ካላደረገ ደግሞ እናቱ በተኙበት ክፍል፣ ለተወጋው ሰው ልጅ፣ የተወጋበትን ስለት በእጁ ሊሰጠው ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ፍርሃት አያውቅም ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ክብረት ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ ከግቢው አንስቶ ጫንቃው ላይ ጫነና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታቸው ናዝራዊት ድንጋዩ ለበርሜል ክዳን መጫኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ለእሷም አንድ እንዲያመጣላት ለመነችው። ወዲያው ከኋላው የሚመጣውን የጉደታን ፊት አየችና ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

ትሕትና አጥሚት የያዘ ሳህን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። የወይዘሮ ሐመልማል ፊት ወደ ግድግዳው ነው፤ ትንፋሻቸው ቀጥኗል። ክብረት ምንም ሳያብራራ ሳጥኑን ከፍቶ፣ እናቱ ለመገነዣ ካስቀመጡት ነጠላ ሥር፣ አቡጀዲውን አወጣ። ካራው ዝጓል፤ እጀታው ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል። ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። ስለቱን ወደ ገዛ ደረቱ፣ እጀታውን ወደ ጉደታ አድርጎ ዘረጋ።

«አባቴ ከበበ አባትህን ነገሳን ገደለ» አለ። «በዚህ ነው የገደለው። እናቴ ደበቀችው። እኔም ወንድሜ ነህ እያልኩ ከአንተ ጋር ስስቅ ኖርኩ። ይኸው።»

እጀታው ከእጁ ወጣ። ድንጋዩ አንገቱን ስለተጫነው ክብረት የሚያየው የጉደታን ጫማ ብቻ ነበር፤ የተራራው ጭቃ ገና አልደረቀበትም። ጫማው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ ዞሮ ወደ አልጋው ሄደ። ክብረት መጮኽ ፈለገ፤ ሥርዓቱ ግን ከተናገሩ በኋላ ድንጋዩን አውርድ እስኪባል ቃል አያስወጣም። አንገቱ እስኪሰነጠቅ ቀና ብሎ አየ።

ጉደታ ካራውን በቀኝ እጁ ይዞ ከክብረት እናት በላይ ቆሟል። ወይዘሮ ሐመልማል ፊታቸውን መልሰው ስለቱን አዩ፤ ቀጥለው እሱን አዩ። አልሸሹም፣ ዓይናቸውንም አልጨፈኑም። ደህናው እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ወደ ሳህኑ ጠቆመ። ትሕትና ማንኪያ ስታቀርብላቸው ግን ጥርሳቸውን ገጠሙ፤ እንደገና ሳህኑን፣ ቀጥሎ ጉደታን ጠቆሙ። ቀድሞ እንዲበላ የሚፈልጉት እሱ ነበር።

አባ ያሉትን ሁለቱም ሰምተዋል። ካራው አልተሰበረም፣ አልተቀበረም፤ ሳይደርቅ የበላ ደሙን ወደ ቤቱ ያስገባል። ተራራው ላይ ወጥቶ ለመመለስ ደግሞ ቀኑ አይበቃም፤ የእኚህ ሴት ትንፋሽም እስከ ነገ የሚቆይ አይመስልም። ጉደታ ይህን ሁሉ ሲያስብ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ካራውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ማንኪያውን ከትሕትና ተቀበለና ከሳህኑ ጨልፎ ጎረሰ። ዋጠው። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ሳለ ወደ ክብረት ዞረ።

«በል ድንጋይህን አውርድና ይህን አጥሚት አሙቅላቸው» አለ። «ቀዝቅዟል።»